የጥፋት ዕቁብ

በየመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ከስድስታችን አንዳችን «ድጋፍ የሚሻ» መባል ነበረብን። ቅጹ ላይ ሦስት ሣጥኖች አሉ፤ ግንባር ቀደም፣ መካከለኛ፣ ድጋፍ የሚሻ። ሦስተኛው ሣጥን ባዶ የሆነበትን ቅጽ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አይቀበልም። በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቅ ላይ ስድስታችንንም መካከለኛ አድርገን ብንልክ፣ «ቡድኑ አድርባይነት ይታይበታል፤ ትግል ተደርጎ እንደገና ይላክ» የሚል ማስታወሻ ተያይዞበት ተመለሰልን።

ትግሉን ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አደረግነው። ቡታጅራ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ነን፤ ቡድን ሦስት እንባላለን። መሪያችን የታሪክ መምህሩ አስረስ ነው። የድርጅት አባል ቢሆንም ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈራ ሰው ነው እንጂ። በመጀመሪያው ቀን ሲቪክስ የሚያስተምረው ሰይዶ ዘይባን «ታረፍጃለሽ» አላት። በሁለተኛው ቀን ዘይባ የሰይዶ የትምህርት ዕቅድ ካለፈው ዓመት የተገለበጠ መሆኑን ተናገረች። በሦስተኛው ቀን ዘይባ ስታለቅስ ሰይዶ ወደ መስኮት ዞሮ ተቀመጠ። እኔ የቡድኑ ጸሐፊ ስለነበርኩ እስክሪብቶ ይዤ ምን እንደምጽፍ ግራ ገባኝ። ከሕንድ አገር ከተመለስኩ ገና ዓመቴ ነበር። እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ሰዎች በቡድን እንዴት እንደሚማሩ ነው።

መፍትሔውን ያመጣው የስፖርት መምህሩ ሙባሪክ ነው።

«እናንተ ሰዎች፣ ጉራጌ ሆነን ይሄ ያቅተናል እንዴ? ዕቁብ እኮ ነው! ስድስት ሰው፣ ስድስት ዕጣ። በየመንፈቁ አንድ ሰው ይበላል።»

«ምኑን ነው የሚበላው?» አለች ዘይባ ዓይኗን እየጠረገች።

«ጥፋቱን ነዋ! ጣፋጭ ነው ብዬሻለሁ?»

ሰይዶ ከመስኮቱ ዞሮ ሳቀ። ዘይባም ሳቀች። አስረስ በሩ መዘጋቱን ካየ በኋላ ሳቀ። ያልሳቁት ጋሽ ሀብቴ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ሀብቴ ሒሳብ ያስተምራሉ፤ ጡረታ ሊወጡ አራት ዓመት ቀርቷቸዋል። አባታቸው መርካቶ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የዕቁብ ዳኛ ነበሩ።

«ዕቁብ ከሆነ ሕግ አለው» አሉ። «ዕጣው የወጣለት እምቢ አይልም። የቸገረው ተራውን ከሌላው ጋር በፈቃድ ይለዋወጣል። አንዴ የተሰጠ ዕጣ አይመለስም። ከዚህ ክፍልም አይወጣም። በዚህ ከተስማማችሁ ወረቀት ቅደዱ።»

ተስማማን። ስማችንን ጻፍን፤ ወረቀቱን ጠቅልለን በሙባሪክ ቆብ ውስጥ ጨመርን። መጀመሪያ ለዘይባ ወጣ፣ ቀጥሎ ለሙባሪክ፣ ለሰይዶ፣ ለእኔ፣ ለጋሽ ሀብቴ፣ በመጨረሻም ለአስረስ።

«የዕቁብ ዳኛ መጀመሪያ ይበላል ሲባል ነው የምናውቀው» አለ ሙባሪክ። «የእኛው ዳኛ አስረስ ግን ጾመኛ ነው!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬም ለሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ዕቁቡ ሠራ። ዝቅተኛው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ስለታወቀ ማንም ድክመቱን መደበቅ አላስፈለገውም። ዘይባ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማይክሮስኮፑን መጠቀም እንደሚያስፈራት ነገረችን፤ አብረናት ገባን። ሰይዶ ዕቅዱን አዲስ አድርጎ ጻፈና እርማት ለጋሽ ሀብቴ ሰጠ። እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያሉ ተማሪዎች ድምፄን እንደማይሰሙ ያወቅሁት ሙባሪክ ገብቶ፣ ተቀምጦ አይቶ ስለነገረኝ ነው። በ2006 መጀመሪያ ላይ ጽሕፈት ቤቱ ሞዴል ቡድን ብሎ ሸለመን፤ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ለልምድ ልውውጥ ሰዎች መጡ። አስረስ «በጠንካራ ሂስና ግለ ሂስ ያመጣነው ውጤት ነው» ብሎ ሲያስረዳ ሙባሪክ ጫማውን እያየ ከንፈሩን ይነክስ ነበር።

በዚያው ዓመት ሁለተኛ መንፈቅ ተራው የእኔ ነበር።

ያኔ ጉብሬ አዲስ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ግቢ መምህራን እንደሚቀጥር ማስታወቂያ አየሁ። ማመልከቻው ላይ የመጨረሻው መንፈቅ የሥራ አፈጻጸም ይያያዝ ይላል። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳልናገር ቆየሁ። በመጨረሻ በአንድ እረፍት ሰዓት ጋሽ ሀብቴን ተከትዬ ወጣሁ።

ጋሽ ሀብቴ በየቀኑ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የእረፍት ደወል ሲደወል ከግቢ ይወጣሉ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ሕመሙ ዓይናቸውን ከወሰደው አምስት ዓመት ሆኖታል። ጠዋት መርፌ ይወጋሉ፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የግድ መብላት አለባቸው፤ ካልበሉ ስኳሩ ወርዶ ይጥላቸዋል። ምግቡ አጠገባቸው ቢቀመጥም ሰው አብሮ ካልቀመሰላቸው አይበሉም። «ብቻዬን አልበላም። ዓይኔ ጠፋ እንጂ ሰው መሆኔ አልጠፋም» ይላሉ። ብቸኛዋ ልጃቸው ሕይወት ቤይሩት ናት። ስለዚህ ጋሽ ሀብቴ በእረፍቱ ሃያ ደቂቃ ይሄዳሉ፣ ያበላሉ፣ ይመለሳሉ። ሁለተኛው ደወል ሲደወል ክፍል በር ላይ ናቸው። በአምስት ዓመት አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም።

ያን ቀን ቆጮውን በእጃቸው እየቆረሱ አንዱን ለሚስታቸው፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሳቸው እያደረጉ ሰሙኝ።

«ታዲያ ይሄን ለመንገር ሳምንት ትሰቃያለህ?» አሉ። «እኔ እወስደዋለሁ። አንተ የእኔን ትበላለህ፣ በሚቀጥለው ዓመት። እኔን ሽማግሌውን ማን ዝቅ አለ፣ ማን ከፍ አለ ብሎ ያየኛል?»

«ሀብቴ፣ ምንድነው የምትወስደው?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ዕቁብ ነው፣ ጥሩዬ።»

«ታዲያ ደስ ይበልሃ!»

አልጋው ራስጌ ምስማር ላይ ትንሽ ፌስታል ተሰቅሏል። ስመለከተው ጋሽ ሀብቴ አዩኝ። «ከረሜላ ነው። ምናልባት ሳልደርስ ብቀር እጇን ዘርግታ እንድታገኘው ነው። መድኃኒት ስለሆነ ብቻዋን ትውጠዋለች።» አቧራውን በጣታቸው ጠረጉት። «እስካሁን አልተነካም።»

የቀረው ጥፋት መፈለግ ነበር። ቅጹ ጥፋት በዝርዝር ይጻፍ ይላል። አምስታችንም የጋሽ ሀብቴን ጥፋት አጣን።

«ፈተና ይከብዳል እንበል?» አለች ዘይባ።

«ተማሪው ይሰማና ይስቃል» አሉ ጋሽ ሀብቴ። «ውሸት ትንሽ እውነት ካልተጨመረበት አይቆምም። በእረፍት ሰዓት ከግቢ ይወጣሉ በሉ። ዘበኛውም ያውቃል፣ ርእሰ መምህሩም ያውቃል። እኔም ግለ ሂስ አድርጌ ልፈርም።»

ጥሩ ሐሳብ መስሎን ነበር። እኔ በጥንቃቄ፣ አሳምሬ ጻፍኩት፦ «መምህር ሀብቴ በእረፍት ሰዓት ለግል ጉዳያቸው ከሥራ ገበታቸው የመለየት ዝንባሌ ይታይባቸዋል፤ ይህም በቡድኑ የጋራ ሥራ ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ አሳድሯል።» ስድስታችንም ፈረምን።

ነሐሴ ላይ ማስታወቂያው ተለጠፈ። ቆላው ውስጥ ሦስት አዲስ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ በሁለተኛው መንፈቅ ከየቡድኑ ድጋፍ የሚሹ የተባሉ መምህራን ተመድበውባቸዋል። የጋሽ ሀብቴ ስም ስምንተኛው ላይ ነው። ቦታው ከመኪና ከተወረደ በኋላ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ጤና ጣቢያ የለም። መርፌውን የሚያቆዩበት ቀዝቃዛ ቦታም የለም። ስለዚህ እትዬ ጥሩወርቅን ይዘው መሄድ አይችሉም።

አስረስ፣ እኔና ጋሽ ሀብቴ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ኃላፊው አቶ ሸምሶ ይባላሉ። ወንበር ስበው አስቀመጡን፤ ለጋሽ ሀብቴም ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጋሽ ሀብቴ ስለ ባለቤታቸው ሕመም ተናገሩ። አቶ ሸምሶ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙ። ከዚያ ፋይሉን ከፈቱና ቃለ ጉባኤውን አወጡ።

«ጋሼ፣ አዝናለሁ። ግን ያሉኝ ነገር እዚሁ አለ። ለግል ጉዳይ ከሥራ ገበታ ይለያሉ ይላል። ይኸው ፊርማዎ። ምክንያቱ ባለቤትዎ ናቸው ማለት ነው። ይሄን አቤቱታ ብቀበል ጥፋቱን ማጽደቄ አይደለም?»

«ጥፋቱ ትክክል አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «ተራው የእኔ ነበር። ዝቅተኛው እኔ ነኝ።»

አስረስ በጫማው እግሬን ረገጠኝ። አቶ ሸምሶ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ተራ? ምን ተራ?»

ጋሽ ሀብቴ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ ወለሉን ያዩ ነበር።

«ወንድሜ» አሉ አቶ ሸምሶ በለሆሳስ፣ «ግለሰብ መጥቶ እኔ ነኝ ቢል እኔ ምን ማድረግ እችላለሁ? ይሄ የቡድን ውሳኔ ነው። የቡድንን ውሳኔ የሚሽረው ቡድኑ ነው። ተሰብሰቡ፤ የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ለምን ስሕተት እንደሆነ ገልጻችሁ፣ ስድስታችሁም ፈርማችሁ አምጡ። በዚያው ቀን አነሣቸዋለሁ። ወላሂ እላችኋለሁ።»

የማሉት ከልባቸው ነበር። በኋላ ላይ የከበደኝም ይኸው ነው፤ የምጠላው ሰው አጣሁ።

በማግስቱ ተሰበሰብን። እኔ አዲሱን ቃለ ጉባኤ ጽፌ መጥቼ ነበር፤ አነበብኩላቸው። ዕቁቡን አልሸሸግሁም፤ ሳይገለጽ ስሕተቱን ማስረዳት አይቻልም።

ከዚያ ሰይዶ «ይሄ ወረቀት ከሄደ የአራት መንፈቅ ቃለ ጉባኤ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት ነው» አለ።

«ሐሰት ነዋ» አልኩ።

«ለእኔና ለአንተ ሐሰት ነው። ለእነሱ ሰነድ ነው። ሞዴል ቡድን ብለው ሸልመውናል። መጀመሪያ የሚያፍሩት ራሳቸው ናቸው። ያፈረ ሰው ደግሞ አይምርም።»

«ስድስታችንንም ቢቀጡን ምን ይመጣል?» አለች ዘይባ። ወዲያው ግን እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፤ አራት ወሯ ነበር። «እኔስ ቆላ ብላክ . . .» ብላ ሳትጨርስ ተወችው።

ሙባሪክ ቀልድ የሚፈልግ ይመስል ቆቡን ገለበጠ። አስረስ «እኔ ከሁላችሁም በላይ ነው የምጠየቀው» አለ። «ግን ቡድኑ ከወሰነ እፈርማለሁ። ሁላችሁም ከፈረማችሁ እፈርማለሁ።»

«እኔም ሌላው ከፈረመ» አለ ሰይዶ።

ወረቀቱ ጠረጴዛው መሀል ላይ ነበር። ከእኔ ፊርማ በቀር ምንም አልነበረበትም። እያንዳንዳችን ሌላው ቢጀምር የምንከተል ነን። አንድ ሰው እጁን ቢዘረጋ ይበቃ ነበር፤ ዛሬም እንዲህ ነው የማምነው። ግን እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ጋሽ ሀብቴ ወረቀቱን ወስደው ለአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«አባቴ ሠላሳ ዓመት ዳኝቶ አንድ ዕጣ አልተመለሰበትም» አሉ። «እኔ ወድጄ የወሰድኩት ነው። ይሄ ልጅ በጉልበት አልቀማኝም። እናንተን አምስታችሁን አስበልቼ ጥሩወርቅ ፊት ምን ብዬ እቀመጣለሁ?»

«ጋሼ . . .» አልኩ።

«ተወው፣ ያሬድ። ዕጣ ነው።»

ማንም አልተከራከራቸውም። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ያን ጊዜ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲላላ ተሰማኝ። እፎይታ ነበር። ከጉብሬ መልስ አልመጣም ነበር፤ እስከ ዛሬም አልመጣም።

ሰው እንደዚህ ሲያፍር ሥራ ይፈልጋል። የዚያኑ ቀን ሌላ ተራ አወጣን። ሰኞ አስረስ፣ ማክሰኞ ዘይባ፣ ረቡዕ ሙባሪክ፣ ሐሙስ ሰይዶ፣ ዓርብ እኔ፤ በእረፍት ሰዓት ወደ እትዬ ጥሩወርቅ እየሄድን አብረናቸው እንበላለን። መርፌውን ጎረቤታቸው ከድጄ ጠዋት ወግታቸው ወደ መነኸሪያ ሱቋ ትሄዳለች። ጋሽ ሀብቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ሲለዩን እያንዳንዳችንን ጨብጠው አመሰገኑን። ምስማሩ ላይ ያለውን ፌስታልም አሳዩን። «ሃያ ፍሬ አለው። እንደማያስፈልግ አውቃለሁ» አሉ።

መስከረምና ጥቅምት በደንብ ሄደ። እትዬ ጥሩወርቅ በእርምጃችን ለዩን። ሙባሪክን ገና ከበር «አንተ ሯጭ፣ ግባ» ይሉታል። ዘይባን «የሁለት ሰው ኮቴ» አሏት። እኔን ግን «ቆም እያልክ ነው የምትመጣው» አሉኝ።

ኅዳር ላይ አቶ ሸምሶ ለሱፐርቪዥን መጡ። የመጀመሪያው አጀንዳ «በእረፍት ሰዓት ከሥራ ገበታ የመለየት ዝንባሌ» የሚል ነበር። ቃሉን አወቅሁት፤ የራሴ ነው። በሞዴል ቡድን የተገኘ ችግር ስለሆነ በሁሉም ትምህርት ቤቶች ትግል ይደረግበት የሚል መመሪያ ወርዷል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዘበኛው በእረፍት ሰዓት የሚወጣን መምህር ስም በደብተር እንዲይዝ ታዘዘ። የቡድን ስብሰባዎችም በእረፍት ሰዓት እንዲሆኑ ተደረገ፤ ሰው እንዳይበተን።

ስብሰባ ባለበት ቀን ባለተራው ተደብቆ ይወጣል ብለን ተስማማን። የማን ቀን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ማንም ሌላውን ሄድክ ወይ ብሎ አልጠየቀም።

አንድ ዓርብ አቶ ሸምሶ ራሳቸው የእኛ ቡድን መሀል ተቀመጡ። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ዛፉ ላይ እንደ ደወል የተሰቀለው ቸርኬ ተመታ። ቃለ ጉባኤ እጽፍ ነበር። አራት ተኩል ሆነ። ዘይባ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሙባሪክ ሰዓቱን አየና እኔን አየኝ። አስረስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «አንድ ጊዜ ያሬድን . . .» ሊል መስሎኝ ነበር፤ «ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ» አለ። ብድግ ማለት ብቻ ነበር። ጋሽ ሀብቴ አምስት ዓመት ሙሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ብድግ ብለው ይሄዱ ነበር። እኔ «ሁለተኛ ነጥብ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። ሁለተኛው ደወል ተደወለ።

ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ የደረስኩት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ታጥበው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ከንፈራቸው ላብ ይዞታል። ግን ተቀምጠዋል።

«ያሬድ ነህ። ዛሬስ ሳትቆም መጣህ።»

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ስብሰባ . . .»

«አውቃለሁ። ደወሉን ሰማሁት፤ ሁለቴ ተደወለ። አይዞህ፣ ስብሰባ ነው።» ትንሽ ቆዩ። «ረቡዕም ስብሰባ ነበር። ማክሰኞም። ባለፈው ሳምንት ሐሙስና ሰኞ።»

ቀና ብዬ ምስማሩን አየሁ። ፌስታሉ ባዶ ነበር። እሳቸው ትራሳቸው ሥር እጃቸውን ሰደው የከረሜላ ወረቀቶች አወጡ፤ እያንዳንዱ ተዘርግቶ፣ በጣት ተስተካክሎ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቧል።

«ለሀብቴ እንዳትነግሩት» አሉ። «የመጨረሻዋን ዛሬ ነው የበላሁት። በል አሁን ቁረስ፤ አብረን እንብላ።»

ሰኞ ለቡድኑ ነገርኳቸው። እያንዳንዱ ሌላው ከስብሰባው በኋላ ሮጦ የደረሰ፣ ፈጽሞ የቀረው እሱ ብቻ መስሎት ነበር። ዘይባ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። አስረስ ለርእሰ መምህሩ እንንገር አለ፤ ሰይዶ «ደብተሩን ያዘዘው እሱ አይደለም፣ ምን ያደርጋል?» አለ። በመጨረሻ ሙባሪክ ተናገረ፤ ሲናገር ግን ጭራሽ አልቀለደም።

«እንግዲያው ከረሜላውን እናብዛው።»

ሁላችንም ተስማማን። አንድም ሰው አልተቃወመም፤ እንዲህ በፍጥነት የተስማማንበት ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም። የዚያኑ ቀን ትልቅ ፌስታል ተሞልቶ ምስማሩ ላይ ተሰቀለ። ምስማሩ እንዳይነቀል ሙባሪክ በድንጋይ መታው።

ቅዳሜ ጋሽ ሀብቴ ሲመጡ አምስታችንም እዚያ ነበርን። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት አቧራ ነው፤ ከስተዋል። ሚስታቸውን ስመው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ፌስታሉ ላይ አረፈ። እጃቸውን ከሥሩ አድርገው ክብደቱን መዘኑት።

«ማነው ያሰበው?» አሉ።

«ሁላችንም፣ ጋሼ» አለች ዘይባ።

ፌስታሉን ቀስ ብለው ለቀቁት፤ ምስማሩ ላይ ትንሽ ተወዛወዘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝና።

«ለስንት ቀን ይበቃል ብላችሁ ነው?»

እስክሪብቶዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አስረስ ቀደመኝ።

«እስከ መንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ይደርሳል፣ ጋሼ።»

ጋሽ ሀብቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከእትዬ ጥሩወርቅ አጠገብ ተቀምጠው ቆጮውን መቁረስ ጀመሩ፤ አንዱን ለሚስታቸው፣ አንዱን ለዘይባ፣ አንዱን ለአስረስ፣ ለሙባሪክ፣ ለሰይዶ። የእኔን ሲሰጡኝ ቀና ብለው አላዩኝም። ተቀብዬ በላሁ።